ከሸክላ ወደ ዲጂታል፦ የሙዚቃ አጫዋቹ ጥበብ በደቻቱ ማዶና ማዶ

የደቻቱ ወንዝ በዓመቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ከሐረርጌ ደጋ የሚወርደው ጎርፍ ወንዙን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሞልቶ የድሬዳዋን ከተማ ለሁለት ይከፍላታል። በአንደኛው ማዶ ከዚራ አለ፤ የባቡር ኩባንያው መሐንዲሶች መንገዱን በቀጥታ መስመር ያሰመሩት፣ ዳርና ዳሩን በዛፍ ያለበሱት ሰፈር ነው። በሌላው ማዶ መጋላ አለ፤ ገበያው፣ መስጊዱና ጠባቡ መንገድ የሚገኙበት ሰፈር ነው። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደርሶ ከተማዋ ከተቆረቆረችበት ጊዜ ጀምሮ የሁለቱ ማዶዎች ሰው በንግድ፣ በሥራና በጋብቻ ሲገናኝ ኖሯል። ከመገናኛዎቹ ሁሉ ወንዙ ሲሞላም እንኳ ሳይቋረጥ የሚሻገረው ግን ድምፅ ነው።

ይህ ድምፅ በየዘመኑ በምን መሣሪያ ተሻገረ? መሣሪያውን የያዘው ሰውስ ከሚሰማው ሕዝብ ጋር ምን ዓይነት ግንኙነት ነበረው? ጥያቄው የድሬዳዋ ብቻ አይደለም። በአሁኑ ጊዜ በምሽት ክበቦችና በሠርግ አዳራሾች ላፕቶፕና ዲጂታል ማጫወቻ ይዞ የሚቆመው ዲጄ አንዳንዴ የባዕድ ባህል ተሸካሚ፣ አንዳንዴም የሙዚቀኛውን እንጀራ የነጠቀ ሰው ተደርጎ ሲነቀፍ ይሰማል። በአንጻሩ ደግሞ መሣሪያው ሲዘምን ጥበቡም አብሮ እንደሚዘምን አድርገው የሚያወድሱት አሉ። ሁለቱም አስተያየቶች የመሣሪያውን ታሪክ ሳይመረምሩ የተሰጡ ፍርዶች ናቸው። በደቻቱ ማዶና ማዶ የታየው የአንድ መቶ ዓመት ልምድ የሚያስረዳው መሣሪያ በተለወጠ ቁጥር ጥበቡ የሚጠፋም ሆነ የሚያድገው፣ መሣሪያውን የያዘው ሰው የፊቱን ሕዝብ በማዳመጡ ወይም ባለማዳመጡ መሆኑን ነው።

ከመሣሪያው በፊት

በምሥራቅ ሐረርጌ የኦሮሞ ወጣቶች የሸጎዬ ጨዋታ ዘፋኝና ተመልካች ተብሎ የተከፈለ ጎራ የለውም። ወንዱና ሴቱ ፊት ለፊት ቆሞ፣ አንዱ ሲያወጣ ሌላው እየተቀበለ፣ በአንገትና በትከሻ እንቅስቃሴ ምቱን እየጠበቀ ይጫወታል። በሶማሌዎች ዳንቶ ግጥሙ ከጭብጨባና ከእግር ምት ጋር ይሄዳል፤ ምቱም ብዙ አድማጮች ከጃማይካው ሬጌ ጋር የሚያቀራርቡት ነው። የሐረሪዎች ሠርግ ከበሮና ከእንጨት የተሠራ ማጨብጨቢያ አለው። ከደጋው አገር በባቡርና በንግድ የመጣው አማርኛ ተናጋሪም አዝማሪውን፣ ማሲንቆውንና ክራሩን ይዞ መጥቷል።

እነዚህ ሁሉ በቋንቋና በሥልት ቢለያዩም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ጨዋታውን የሚመራው ሰው የሚቀጥለውን ስንኝ የሚወስነው ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው አይቶ ነው። አዝማሪ ቤት ገብቶ ማን እንደተቀመጠ ሳያይ ግጥም አይጀምርም። ተሰብሳቢው ሲቀዘቅዝ ምቱን ያፈጥናል፤ ሲደክመው ያሳርፈዋል፤ የሐዘን ስሜት ሲያይ ትዝታ ያወርዳል። ዛሬ በዲጄዎች ዘንድ «የመድረኩን ፊት ማንበብ» ተብሎ የሚነገርለት ችሎታ ከኤሌክትሪክ በፊት የነበረ፣ በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ያደገ ሙያ ነው።

የሸክላው ዘመን

ድምፅን መቅረጽ የተጀመረው አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1877 ፎኖግራፍን በሠራ ጊዜ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ኤሚል በርሊነር ጠፍጣፋውን ሸክላ ፈለሰፈ። ኢትዮጵያዊ ድምፅ በሸክላ ለመቀረጽ ብዙ አልዘገየም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጨረሻ ግድም ወደ ጀርመን ሄደው ዜማና ግጥማቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። በዚያን ዘመን ከመሀል አገር ወደ ባሕር የሚወርድ መንገደኛ ባቡር የሚያገኘው ድሬዳዋ ሲደርስ ነበር፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነውና። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃም በመጀመሪያ የሚራገፈው እዚሁ ነበር። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና የመኑ በሰፈሩባት በዚህች የንግድ ከተማ የዐረብና የሕንድ ዜማ፣ የፈረንሳይ ዘፈንና የአገሬው ጨዋታ በአንድ ጎዳና ላይ መሰማታቸው የሚያስደንቅ አልነበረም።

ሸክላ በአዝማሪውና በአድማጩ መካከል የነበረውን ግንኙነት ለመጀመሪያ ጊዜ ቆረጠው። ዘፋኙ አድማጩን አያየውም፤ አድማጩም ለዘፋኙ መልስ አይሰጥም። የአርባ አምስት ዙር ሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው የሦስት ወይም የአራት ደቂቃ ሙዚቃ ብቻ ስለሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሊዘልቅ የሚችለው ጨዋታ ተቆርጦ በዚያ ልክ መስፋት ግድ ሆነ። ይሁን እንጂ ባዶው ቦታ ብዙ ሳይቆይ በሌላ ሰው ተተካ። በየሻይ ቤቱና በየመጠጥ ቤቱ ከሸክላ ማጫወቻው አጠገብ የሚቆመው ሰው የትኛው ሸክላ በየትኛው ሰዓት እንደሚሰማ ወሰነ። ሙዚቃ አጫዋች የሚባለው ሙያ የተወለደው በዚህ ሁኔታ ነው።

በኢትዮጵያ ሸክላ ማሳተም ለረጅም ጊዜ በመንግሥት ፈቃድ ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተወሰነ መብት ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የተባለው ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ ይህን ክልከላ ተጋፍቶ «አምሃ ሪከርድስ»ን አቋቋመ። ሸክላዎቹ የታተሙት ባሕር ማዶ በሕንድና በሊባኖስ ነበር። ድርጅቱ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ 103 ባለ አንድ አንድ ዘፈን ገጽ ሸክላዎችንና 12 ትልልቅ ሸክላዎችን አውጥቷል። እነዚያ ሸክላዎች ዛሬም በዓለም ዙሪያ ዲጄዎች እየፈለጉ የሚገዟቸው ቅርሶች ናቸው።

የመጋላ ወጣቶች

በሸክላው ዘመን የድሬዳዋ ትልቁ የሙዚቃ ክንዋኔ የተፈጸመው በሸክላ ላይ ሳይሆን በሠርግ ቤት ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የከተማዋ የኦሮሞ ወጣቶች «አፍረን ቀሎ» በሚል ስም የሙዚቃ ቡድን አቋቋሙ። ስሙ አራቱን የቀሎ ጎሣዎች የሚያመለክት ነው። በኦሮምኛ በአደባባይ ማዜም በባለሥልጣኖች ዘንድ በጥርጣሬ በሚታይበት በዚያ ጊዜ፣ ወጣቶቹ መድረክ ያገኙት በሠርግና በበዓል ነበር። ኡዱን ከዐረብ ሙዚቃ፣ ምቱን ከሸጎዬና ከሶማሌው ጨዋታ፣ ቃሉን ከኦሮምኛ ወስደው አዲስ ዘመናዊ ዘፈን ፈጠሩ። ቡድኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታገደ፤ ከአባላቱም የታሰሩና የተሰደዱ ነበሩ።

ከዚህ ቡድን የወጡት አሊ ቢራ በ1939 ዓ.ም. በድሬዳዋ የተወለዱ ናቸው። ገና በልጅነታቸው ቡድኑን ተቀላቅለው ባዜሙት የመጀመሪያ ዘፈን ውስጥ የነበረው «ቢራ» የሚል ቃል መጠሪያቸው ሆኖ ቀረ። ከኦሮምኛ ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሌና በዐረብኛ አዚመዋል። ለረጅም ዓመታት በካናዳ ኖረው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የብዙ ቋንቋ ዜማቸው ከየት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ የሚገኘው ከተማዋ ውስጥ ነው። በድሬዳዋ ሠርግ ላይ የሚቆም ከያኒ ፊቱ ያለው ሕዝብ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚናገር አይደለም። ከአንዱ ዜማ ወደ ሌላው ተሻግሮ ሁሉንም ማስነሣት ካልቻለ ግማሹ አዳራሽ ተቀምጦ ያድራል።

ካሴትና ሰዓት እላፊ

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የምሽቱ ኑሮ ተለወጠ። ሰዓት እላፊ ታወጀ። ድሬዳዋ ደግሞ ከሌሎቹ ከተሞች የከፋ ፈተና ገጠማት። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ከተማዋን ለመያዝ ከፍተኛ ማጥቃት ሰንዝሮ በመከላከያ ኃይሉና በሕዝቡ ተጋድሎ ተመለሰ። በጦርነትና በሰዓት እላፊ መካከል ጭፈራ ቤት ማምሸት የሚታሰብ አልነበረም። በአዲስ አበባም ቢሆን እንደ ዋልያስ ያሉት ባንዶች በሆቴሎች ውስጥ ሲጫወቱ፣ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ መውጣት ስለማይቻል እንግዳው ከባንዱ ጋር እስከ ንጋት የሚቆይበት ጊዜ ነበር።

ዘመኑ ሌላም ገጽታ ነበረው። በየቀበሌው፣ በየፋብሪካውና በየትምህርት ቤቱ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። ቀደም ሲል ከመድረክ ተገልለው የነበሩ የብሔረሰቦች ዘፈኖችና ጭፈራዎች በአደባባይ መታየት ጀመሩ። የኪነት ቡድኖቹ የመንግሥትን መፈክር እንዲያስተጋቡ መገደዳቸው ሐቅ ነው፤ በዚያው ልክ ለብዙ ወጣት የመጀመሪያውን ጊታር፣ የመጀመሪያውን ማይክራፎንና የመጀመሪያውን ተመልካች የሰጡት እነዚሁ ቡድኖች መሆናቸውም ሐቅ ነው።

ሙዚቃው ከመድረክ ይልቅ ቤት ውስጥ እንዲሰማ ያደረገው ዋነኛው መሣሪያ ካሴት ነበር። የፊሊፕስ ኩባንያ ካሴትን እ.ኤ.አ. በ1963 ሲያወጣ ያሰበው ለንግግር መቅጃ ነበር። በኢትዮጵያ ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሸክላን ሙሉ በሙሉ ተካው። ካሴት ርካሽ ነው፤ በኪስ ይያዛል፤ ባዶውን ገዝቶ መልሶ መቅዳትም ይቻላል። ከጅቡቲ በባቡር፣ ከሶማሊያ በኩል ደግሞ በግመልና በመኪና በሚመጣው ዕቃ የታወቀችው ድሬዳዋ የቴፕ ሪከርደር ገበያም ነበረች። ቆይቶም በከተማዋ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ «ታይዋን» የሚል ስም እስከማግኘት ደርሷል።

ካሴት ቤቶች በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነሣላቸው ድርሻ አላቸው። ደንበኛው የሚወዳቸውን ዘፈኖች በዝርዝር ጽፎ ሲያመጣ ባለ ካሴት ቤቱ ከተለያዩ ካሴቶች እየመረጠ በአንድ ካሴት ይቀዳለት ነበር። የትኛው ዘፈን ከየትኛው ቀጥሎ ቢገባ እንደሚያምር፣ የትኛው ለሠርግ የትኛው ለመንገድ እንደሚሆን የሚያውቀው እሱ ነበር። ባለ ካሴት ቤቱ ዲጄ ተብሎ አልተጠራም፤ ሥራው ግን የዲጄ ሥራ ነበር። ጉድለቱም የታወቀ ነው። ከካሴት ወደ ካሴት በተቀዳ ቁጥር ሹክሹክታው ይጨምራል፤ ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ዘፋኙና የዜማው ደራሲ ከዚያ ሁሉ ቅጂ ቤሳ አለማግኘታቸው ነበር።

ከበሮ የሚመታው ማሽን

እ.ኤ.አ. በ1983 ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ወጡ። አንደኛው የያማሃ ዲኤክስ 7 ሲንተሳይዘር ነው። ሁለተኛው ሚዲ የተባለው፣ የተለያዩ ኩባንያዎች የሠሯቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች በአንድ ቋንቋ እንዲነጋገሩ ያስቻለ ስምምነት ነው። ሚዲ ድምፅን አያስተላልፍም፤ የትኛው ቁልፍ መቼ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተነካ በቁጥር ይናገራል እንጂ። ሙዚቃ ወደ ቁጥር የተለወጠበት ታሪካዊ እርምጃ ይህ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ለገበያ የቀረበው ሲዲም ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ በቁጥር ያስቀምጣል።

ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው የቀረው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አጣምሮ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ባንድ ያልነበረው አንድ ሰው የባንድ ሥራ ሠራ ማለት ነው። ካሴቱ ለብዙ ዓመታት ተዘንግቶ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ እንደገና ታትሞ ኃይሉን ከታክሲ መሪው ወደ ዓለም መድረክ መልሶታል።

በአገር ውስጥም ከ1980ዎቹ ጀምሮ ኪቦርድ ብዙ ሙዚቀኞችን ተካ። አንድ ኪቦርድ የቤዙን፣ የከበሮውንና የነፋስ መሣሪያዎቹን ድምፅ ሲሰጥ ሠርግ የሚደግሰው ሰው ስምንት ሙዚቀኞች መቅጠሩን ተወ። ትራምፔትና ሳክስፎን የሚጫወቱት ከያንያን ሥራ ፈቱ። ይህ ሊካድ የማይገባው ጉዳት ነው። በስቱዲዮ ውስጥ ግን መሣሪያው ታላላቅ ባለሙያዎችን አፍርቷል። አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዎታና በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በሞት የተለየው ኤልያስ መልካ ኮምፒዩተርና ኪቦርድ በሰለጠነ ጆሮ እጅ ሲገባ ምን ሊሠራ እንደሚችል አሳይተዋል።

ጥያቄው ከሥራ ማጣት በላይ ወደ ዜማው ባሕርይ ይዘልቃል። የፋብሪካ ኪቦርድ ስምንት ድምፆችን የያዘውን እርከን በአሥራ ሁለት እኩል ክፍሎች ይሸነሽናል። የኢትዮጵያ ቅኝቶች፣ በተለይም አንቺ ሆዬ፣ በማሲንቆና በድምፅ ሲዜሙ በእነዚህ እኩል ክፍሎች ላይ ሁልጊዜ አያርፉም። ኡድም በአንገቱ ላይ ድምፅን የሚወስን መከፋፈያ ስለሌለው የተጫዋቹ ጣት በፈለገው ቦታ ያርፋል። እነዚህ ዜማዎች በኪቦርድ ሲጫወቱ በየድምፁ መካከል ያለው ስስ ቦታ ይጠፋል። ለመካከለኛው ምሥራቅ ገበያ ታስበው የተሠሩ ኪቦርዶች የድምፁን ልክ በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ማድረግ በማስቻላቸው ችግሩን በከፊል ያቃልሉታል። መሣሪያው ግን በራሱ አይቃኝም፤ ልዩነቱን የሚሰማ ጆሮ ያስፈልገዋል።

አጫዋቹ ከያኒ ሲሆን

በዓለም ላይ አጫዋቹን ወደ ከያኒነት ያደረሱት ድሆች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ናቸው። በጃማይካ ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ጀምሮ ባንድ መቅጠር ያልቻለው የኪንግስተን ሕዝብ በጭነት መኪና በሚዞሩ ግዙፍ ድምፅ ማጉያዎች ፊት በአደባባይ ይጨፍር ነበር። ከዚያው አገር የመጣው ኩል ኸርክ በሚል ስም የታወቀው ወጣት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1973 በኒውዮርክ ብሮንክስ ሰፈር ባሰናዳው ጭፈራ ላይ፣ ሰዉ ይበልጥ የሚነቃው ዘፈኑ ቆሞ ከበሮው ብቻ ሲቀር መሆኑን አስተዋለ። አንድ ዓይነት ሁለት ሸክላ በሁለት ማጫወቻ ላይ አድርጎ ያንን የከበሮ ክፍል እየደጋገመ አራዘመው። ሂፕ ሆፕ የተባለው ጥበብ የተጀመረው አንድ አጫዋች የጨፋሪዎቹን እግር ስለተመለከተ ነው።

ለዚህ ሥራ የጠቀመው መሣሪያ የጃፓኑ ማትሱሺታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 ማጫወቻ ነበር። ሞተሩ ሸክላውን ያለ ቀበቶ በቀጥታ ስለሚያዞር ቶሎ ይነሣል፤ በእጅ ቢያዝም ፍጥነቱን መልሶ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ሁለተኛው ዓይነት ፍጥነትን በመቶ ስምንት ያህል ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ተንሸራታች መቆጣጠሪያ ነበረው። በዚህ አማካይነት የሁለት ዘፈኖች ምት ተስተካክሎ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የፓዮኒር ሲዲጄ 1000 ይህን የእጅ ሥራ ወደ ሲዲ አሻገረው። ከዚያም በላፕቶፕ ውስጥ ያለን ዘፈን በሸክላ ወይም በመቆጣጠሪያ መምራት የሚያስችሉ ፕሮግራሞች መጡ። በመጨረሻም አጫዋቹ አንድ የአውራ ጣት ያህል ፍላሽ ብቻ በኪሱ ይዞ መምጣት ቻለ።

በኢትዮጵያ ይህ መሣሪያ ቅጂ ከማጫወት አልፎ ለፈጠራ የዋለበት ጊዜ ቅርብ ነው። ሚካኤል ሰይፉና «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚታወቀው እንደገና ሙሉ ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ ባወጧቸው ሥራዎች የአዝማሪን ድምፅና የአገር ቤት ምትን በኮምፒዩተር አዋሕደው በውጭ አገር አድማጭ ዘንድ ጭምር ታውቀዋል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በዲጄነት የተነሣው ሮፍናን ኑሪ «ነጸብራቅ» በተባለው አልበሙ የኢትዮጵያን ብሔረሰቦች ዜማና ምት ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር አጋብቶ ሰፊውን ሕዝብ ደረሰ። ለወትሮው ከዘፋኙ ጀርባ ቆሞ የሚታየው አጫዋች መድረኩን ራሱ ያዘው።

ምት ከምት ሲገጥም

ዲጂታሉ መሣሪያ የሁለት ዘፈኖችን ፍጥነት በአንድ ቁልፍ ማስተካከል ይችላል። በዚህ ምክንያት ችሎታ የማይጠይቅ ሥራ የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን ማሽኑ የተሠራበት ስሌት በአራት በአራት የሚቆጠረውን የምዕራቡን የጭፈራ ምት መሠረት ያደረገ ነው። በደጋው አገር የተለመደው ችክችካ ደግሞ በስድስት ይቆጠራል፤ እያንዳንዱ ታላቅ ምት በሦስት ይከፈላል። የሁለቱን ታላላቅ ምቶች ማሽኑ ሊያገጥማቸው ቢችልም በውስጣቸው ሦስትና ሁለት ይጋጫሉ። ጨፋሪው ይህን በቃል ባይገልጸውም ትከሻው ያውቀዋል፤ እስክስታው ይሰናከላል። ስለዚህ አጫዋቹ ከበሮው ጋብ የሚልበትን፣ ድምፅ ብቻ የሚቀርበትን ቦታ መርጦ መሻገር አለበት። ይህን ቦታ ማሽኑ አያሳየውም።

በድሬዳዋ ይህ ችግር በእጥፍ ይታያል። በአንድ ምሽት ከኦሮምኛው ወደ ሶማሊኛው፣ ከሐረሪው ወደ አማርኛውና ወደ ጉራጊኛው መሻገር የተለመደ ግዴታ ነው። ምቱ ብቻ ሳይሆን ቋንቋው፣ ትዝታውና አክብሮቱም ይሻገራል። አንዱን ወገን አስጨፍሮ ሌላውን የዘነጋ አጫዋች ሥራውን እንዳጎደለ ይቆጠራል። የአፍረን ቀሎ ወጣቶች በሠርግ ቤት የተማሩት ትምህርት ዛሬም የዲጄው ፈተና ነው። ላፕቶፑን ተክቶ አንገቱን የደፋ፣ ከቤት ያዘጋጀውን ዝርዝር ሳይለውጥ የሚጨርስ አጫዋች መሣሪያው የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን ከአንድ ቴፕ አይሻልም። አንገቱን ቀና አድርጎ የሚሠራው ግን የአዝማሪውን ሙያ በሌላ ዕቃ ቀጥሏል።

የሚቀረው ሥራ

ከዚህ ታሪክ ሁለት የሥራ ጥያቄዎች ይወጣሉ። የመጀመሪያው የመብት ጥያቄ ነው። የካሴቱ ዘመን በደል በዲጂታሉ ዘመን ሊደገም ይችላል፤ ቅጂው ድምፁን ስለማያደክመው በደሉም ወሰን አይኖረውም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው፣ ለከዋኙና ለድምፅ ቀራጩ መብት ሰጥቷል፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007ም ተሻሽሏል። አንድ ዲጄ ከአረጁ ካሴቶች የአንዲትን እናት የሠርግ ዜማ ቆርጦ በአዲስ ምት ላይ ሲያስገባ የዜማው ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን በሕግ ወረቀት ብቻ አይመለስም። ከያንያን፣ መምህራንና የባህል ባለሙያዎች ተነጋግረው በተግባር ሊመልሱት የሚገባ ነው።

ሁለተኛው የማስታወስ ጥያቄ ነው። ካሴት ሙቀትን አይወድም። በድሬዳዋ ዓይነት ሞቃት አየር ውስጥ ሽፋኑ ይላላል፤ ፊልሙ ይጣበቃል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ጎርፍ ሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ሺዎችን ያለ መጠለያ ሲያስቀር፣ የወንዙ ዳር ቤቶች ከነንብረታቸው ሄደዋል። የሰው ሕይወት በምንም አይተካም። ከዚያ ቀጥሎ የማይተካው ደግሞ በየሣጥኑ የነበረው ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤና የተቀዳ ድምፅ ነው። እንዲህ ያለውን ድምፅ ከጥፋት የሚያድን መሣሪያ ያለው ዛሬ በዲጄዎችና በስቱዲዮ ባለሙያዎች እጅ ነው። አሮጌ ካሴትን ወደ ኮምፒዩተር አስገብቶ፣ ማን እንደዘፈነው፣ የት እንደተቀዳ፣ በማን ሠርግ እንደተዜመ መዝግቦ ማስቀመጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ትምህርት ቤቶች፣ የባህል ቢሮዎችና የወጣት ማኅበራት ከአጫዋቾቹ ጋር ቢተባበሩ፣ በሁለቱም ማዶ ያሉት አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ሊፈጸም ይችላል።

የሸክላው መርፌ፣ የካሴቱ ፊልምና የፍላሹ ቁጥር በተራ መጥተው በተራ ያልፋሉ። ዲጂታሉ መሣሪያም የመጨረሻው አይሆንም። ሰው በተሰበሰበበት ፊት የሚቆመው ከያኒ ግን፣ ማሲንቆ ቢይዝም መቆጣጠሪያ ቢይዝ፣ ከሕዝቡ የወሰደውን ለሕዝቡ አክብሮና አሳምሮ የመመለስ ኃላፊነት አለበት። ባለቤቱን ሳይጠይቅና ሳይጠቅስ የሚወስድ ቀማኛ ነው፤ ተቀብሎና መዝግቦ የሚመልስ ደግሞ ድልድይ ነው፤ ደቻቱም የሚያስፈልገው ድልድዩ ነው።